ናጋሬያማ፦ ቶክዮ አጠገብ በጸጥታ ከቤት እየሠሩ መኖር

ሰላም ሰላም! እንደምን ሰነበታችሁ? እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ ናጋሬያማ ነን። ስሟን ሰምታችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ፣ ችግር የለም። ከቶክዮ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ቺባ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ኤዶ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል። ቱሪስት ካሜራ አንግቶ አይጎርፍባትም። ሰው ይኖርባታል፣ በቃ።

እና "ጃፓን ሆኜ በሪሞት መሥራት እፈልጋለሁ፣ ቶክዮ የት ሰፈር ልከራይ?" ብላችሁ ለምትጽፉልኝ መልሴ ይኼ ነው። ቶክዮን ተዉትና እንደ ናጋሬያማ ያለች ከተማ ፈልጉ። ለምን? እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ንብ እናውራ። አዎ፣ ስለ ንብ! ታገሱኝ፣ ይህን ምሳሌ በጣም ነው የምወደው።

[ምስል፦ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ]

ንብ ያለበት ግቢ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ቀፎው አፍ ላይ ግፊያ ነው። ይወጣሉ፣ ይወጣሉ፣ ይወጣሉ። ብዙዎቹ ለአበባ ይሄዳሉ። እንግዳ ሰው መጥቶ ቢያይ "ሁሉም ወጡ፣ ቀፎው ባዶ ቀረ እንዴ?" ይላል። ባዶ አይደለም! ጆሮውን ጠጋ ቢያደርግ ውስጡ ሲያጉረመርም ይሰማዋል። ሥራ ላይ ናቸው። እጭ የሚቀልብ አለ። ሰም የሚሠራ አለ። ቤት የሚያጸዳ አለ። በክንፉ እያራገበ ቀፎውን የሚያቀዘቅዝ አለ። ለአበባ የሚወጡት በዕድሜ ገፋ ያሉት ናቸው፤ ውስጥ ያሉት ልጅ እግሮቹ ናቸው። ማታ ሁሉም ይገባል፣ ቀፎው ጢም ይላል። ማር የሚገኘው ሁለቱም ስላሉ ነው፤ የወጣውም፣ ቤት የቀረውም።

ናጋሬያማ ቀፎ ናት። ማለዳ ናጋሬያማ ኦታካኖሞሪ ጣቢያ ሄዳችሁ ቁሙ። ይወጣሉ፣ ይወጣሉ፣ ይወጣሉ። ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ቦርሳ፣ ፈጣን እርምጃ። ባቡሩ ጹኩባ ኤክስፕረስ ይባላል፤ ፈጣኑ በ25 ደቂቃ ገደማ አኪሃባራ፣ ማለትም ቶክዮ መሀል ያደርሳቸዋል። ረፋዱ ላይ ከተማዋ ጸጥ። ማታ ደግሞ ያው ሰው ሁሉ ተመልሶ ይገባል።

እንግዲህ ከቤት የሚሠራ ሰው ማን ነው? ቀፎው ውስጥ የቀረው ንብ ነዋ! ቀን ቀን ከተማዋ የእሱ ናት። ሱፐርማርኬቱ ሰልፍ የለውም። ቤተ መጻሕፍቱ ወንበር አለው። ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር በብስክሌት ብትወጡ መንገዱ ክፍት ነው። አብረዋችሁ ያሉት አዛውንቶች፣ ሕፃናትና የሕፃናት እናቶች ናቸው። ከእነሱ ጋር ሰላም መባባል ከጀመራችሁ ከተማዋ ቤታችሁ ሆነች። ይኼን ደጋግሜ የምለው ብዙ የሪሞት ሠራተኛ ስላላደረገው ነው። በሩን ዘግቶ ስክሪን ላይ ይውላል፣ ከዚያ "ጃፓን ብቸኝነት ነው" ይላል። ውጡ! በቀን ውጡ!

ባቡሩ የከተማዋ ዕጣ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልበል። መስመሩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2005 ነው። ከአኪሃባራ እስከ ጹኩባ 58.3 ኪሎ ሜትር፣ በፈጣኑ 45 ደቂቃ። ናጋሬያማ ላይ ብቻ 3 ጣቢያ አለው። ከዚያ በኋላ ወጣት ባለትዳሮች መጉረፍ ጀመሩ። ከ2016 እስከ 2021 ባሉት 6 ዓመታት በሕዝብ ዕድገት ምጣኔ ከጃፓን ከተሞች ሁሉ 1ኛ የወጣችው ናጋሬያማ ናት። ሕዝቧ እየቀነሰ ባለ አገር!

ባቡር ብቻውን ይህን አያመጣም። አንድ ነገር ላሳያችሁ።

[ምስል፦ ጣቢያው አጠገብ ያለ ሕንፃ፣ ትንንሽ አውቶቡሶች]

ይኼ የሕፃናት መቀበያ ነው። ሥራ ያላት እናት ልጇን ይዛ ወደ ጣቢያው ትመጣለች። መዋያው ግን ከተማው ሌላ ዳር ሊሆን ይችላል። ወዲያ ሄዳ ተመልሳ ባቡር ልትይዝ? አይሆንም። ስለዚህ ልጁን እዚህ ታስረክባለች፤ ልጁ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ መዋያው ይሄዳል፣ ማታ እዚሁ ይመለስላታል። ዋጋው በቀን 100 የን ነው። 100 የን! ከተማዋ ይህን የጀመረችው በ2007 ነው። እኔ ስለ ከተማ አስተዳደር ሳስብ የሚታየኝ እንዲህ ያለ ነገር ነው። የሰውን ጠዋት ከልብ ያሰበበት ሰው የሠራው ነው።

እሺ፣ ቤት። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

የጃፓን የቤት ማስታወቂያ ላይ "ከጣቢያው በእግር 5 ደቂቃ" ተብሎ ይጻፋል። ያ ደቂቃ በግምት አይደለም፤ 1 ደቂቃ 80 ሜትር ሆኖ ነው የሚሰላው። ስለዚህ 5 ደቂቃ ማለት 400 ሜትር ነው። ደቂቃው በጨመረ ቁጥር ኪራዩ ይወርዳል። ቢሮ የሚመላለስ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚሄድበት ለቅርቡ ቢከፍል ያዋጣዋል። የእናንተ ቢሮ ግን ከአልጋችሁ 4 እርምጃ ነው! ለማትሳፈሩበት ባቡር ለምን ትከፍላላችሁ? 18 ደቂቃ ራቁ፣ በዚያው ብር አንድ ክፍል ጨምሩ። በር ያለው ክፍል። ከቤት ለሚሠራ ሰው የሚዘጋ በር ወርቅ ነው።

ሲገቡ የሚከፈለውንም ቶሎ ልበል። ማስያዣ፣ ለባለቤቱ የማይመለስ "ሬይኪን"፣ የደላላ ቢሮ እስከ 1 ወር ኪራይና ታክሱ፣ የዋስ ኩባንያ ክፍያ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ወር። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የ2 ዓመት ነው፤ ሲታደስ በቶክዮ ዙሪያ 1 ወር ኪራይ መጠየቅ የተለመደ ነው። ስለዚህ ለቤት የያዛችሁት ብር የወር ኪራዩን ብዙ እጥፍ ይሁን።

አሁን ወደ ቪዛና ግብር ልገባ ነበር። ግን ኮሜንቱን ሳየው ግማሹ ያው ጥያቄ ነው። "ጃፓን ባዶ ቤት በነፃ ይሰጣል አሉ፣ ገዝቼ ቪዛ አላገኝም ወይ?" ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እዚህ ጋ ቆም እንበል።

ባዶ ቤቱ እውነት ነው። "አኪያ" ይሉታል። በ2023 በተደረገው የመንግሥት የቤት ጥናት 9 ሚሊዮን ባዶ ቤት ተገኝቷል፣ ከጠቅላላው 13.8 በመቶ። በጣም ርካሽ የሆነ አለ፣ እንዲሁ የሚሰጥም አለ። የውጭ ዜጋም መግዛት ይችላል፣ ሕጉ አይከለክልም።

ነገር ግን ቤት መግዛት ቪዛ አይሰጥም። ልድገመው። ቤት መግዛት ቪዛ አይሰጥም! ካርታው በስማችሁ ሆኖ፣ ቁልፉ በእጃችሁ ሆኖ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ በተፈቀደላችሁ ቀን ልክ ገብታችሁ ትወጣላችሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ደግሞ ለጉብኝትም ቪዛ መጠየቅ አለበት።

"ታዲያ ለምን ርካሽ ሆነ?" ይኼ ጥሩ ጥያቄ ነው። ወላጆች ያልፋሉ፣ ልጆቹ ቶክዮ ናቸው፣ ቤቱ ገጠር ነው። ለምን አያፈርሱትም? ማፍረስ ገንዘብ ይጠይቃል። ሌላም አለ። መኖሪያ ቤት የቆመበት መሬት እስከ 200 ካሬ ሜትር ድረስ ግብሩ የሚሰላበት ዋጋ ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርድለታል። ቤቱ ከፈረሰ ይህ ቅናሽ ይቀራል። ስለዚህ አሮጌው ቤት ቆሞ ይበሰብሳል። የገዛው ሰው ጣሪያውን፣ ቧንቧውን፣ ምስጡን አብሮ ይገዛል። ከጁን 1981 በፊት የተፈቀደ ከሆነ ደግሞ የተሠራው በአሮጌው የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፣ ነፍስ ነው። እና እነዚያ በነፃ የሚሰጡ ቤቶች ከአኪሃባራ 25 ደቂቃ ላይ አይጠብቋችሁም። በ"ነፃ ቤት" ቪዲዮ ተነሥቶ የአገሩን ንብረት የሚሸጥ ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው ይህን ያህል የተናገርኩት። ለምታውቁት ሰው ይህን ቪዲዮ ላኩለት። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም እግረ መንገዳችሁን አድርጉ፣ ቤተሰብ ሁኑ።

ቪዛ። ከ2024 ማርች መጨረሻ ጀምሮ ጃፓን ለሪሞት ሠራተኛ የሚሆን ፈቃድ አላት። 6 ወር ነው፣ አይራዘምም። የዓመት ገቢ 10 ሚሊዮን የን ወይም በላይ፣ የግል የጤና መድን፣ እና ከተዘረዘሩት አገሮች የአንዱ ፓስፖርት ያስፈልጋል። አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ጀርመን አሉበት፤ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለህ የአሜሪካ ዜጋ ወንድሜ ትችላለህ፣ አዲስ አበባ ያለው ታናሽህ ግን አይችልም። ሌላም ልብ በሉ። በዚህ ፈቃድ የነዋሪነት ካርድ አይሰጥም። ካርድ ከሌለ ደግሞ ቅድም ያልኩት የ2 ዓመት ኪራይ አይታሰብም፣ ባንክም ያስቸግራል። በወር የሚከራይ ዕቃ የተሟላ ቤት ነው የሚሻላችሁ።

ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው የታወቁት በሮች ትምህርትና ሥራ ናቸው። የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ሜክስት አለ፣ ለአፍሪካ ወጣቶች የተዘጋጀው አቤ ኢኒሼቲቭ አለ። ተማሪ ሆኖ መሥራት ፈቃድ ይጠይቃል፣ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት ነው። ከዚያ የጃፓን ኩባንያ ቀጥሯችሁ ከቤት እንድትሠሩ ከፈቀደ፣ ናጋሬያማ ክፍት ናት።

ግብሩን በሩጫ። ካርድ ያለው ሰው አድራሻ በያዘ በ14 ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ይመዘገባል። ቀጣሪህ የትም ይሁን፣ ጃፓን ተቀምጠህ የሠራኸው ሥራ የጃፓን ገቢ ነው። የገቢ ግብር ከ5 እስከ 45 በመቶ በደረጃ። የነዋሪነት ግብር 10 በመቶ ገደማ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን በተመዘገብክበት ከተማ፣ ባለፈው ዓመት ገቢ ላይ። መጀመሪያው ዓመት ቀለል ብሎህ በሁለተኛው ይመጣብሃል፤ ገንዘብ አስቀምጥ። የጡረታ መዋጮ በ2025 በወር 17,510 የን ነበር። በጤና መድኑ ሐኪም ቤት ከወጪው 30 በመቶውን ትከፍላለህ። በግልህ የምትሠራ ከሆነ ገቢህን ለግብር የምታሳውቅበት ጊዜ ከፌብሩዋሪ 16 እስከ ማርች 15 ነው። አለፍን።

አሁን የምወደው ነገር። ሰዓት!

ጃፓን ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ትቀድማለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ውጤቱ ምን ሆነ? አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ናጋሬያማ በፈረንጁ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲል ናጋሬያማ የሌሊት 11 ነው። የእናታችሁ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓትና የናጋሬያማ ጣቢያ ሰዓት አንድ ዓይነት ያሳያሉ! ጃፓን ሰዓቷን በበጋና በክረምት ስለማትቀያይር ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ነው። ለአዲስ አበባ ቢሮ የምትሠሩ ከሆነ ቀጠሮ ስትይዙ ምንም መደመር የለባችሁም። ሥራችሁ ከ2 ተኩል እስከ 11 ተኩል ይሆናል፤ ጠዋታችሁ ሙሉ ለሙሉ የእናንተ ነው። ለአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ከሆነ ግን ሥራው የሚጀምረው ሌሊት ነው፤ በፈረንጁ አቆጣጠር እዚያ የጠዋት 9 ሰዓት ሲል እዚህ እንደ ወቅቱ የሌሊት 10 ወይም 11 ነው።

ሌሊት ማውራት ካለ ግድግዳው ይታሰብ። ማስታወቂያው "አፓርታማ" ካለ አብዛኛውን ጊዜ እንጨት ወይም ቀጭን ብረት ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" ልትሉት ትችላላችሁ። "ማንሾን" ካለ አብዛኛውን ጊዜ ኮንክሪት ነው። ጎረቤት በራችሁን አያንኳኳም። ለአስተዳዳሪው ድርጅት ይነግራል፣ ከዚያ ደረጃው ላይ "እባካችሁ ከምሽት በኋላ ድምፅ ቀንሱ" የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ማን እንደተባለ አልተጻፈም። የተባላችሁት እናንተ መሆናችሁን ግን ታውቁታላችሁ።

ኢንተርኔትም ጠይቁ። "ፋይበር አለ" ማለት አይበቃም። አንዳንድ አሮጌ ሕንፃ ፋይበሩ እስከ ሕንፃው ድረስ ይመጣና ወደ ቤታችሁ በስልክ ሽቦ ይገባል፤ ያኔ ጣሪያው 100 ሜጋ ቢት ነው። አዲስ መስመር ማስገባት ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ከመግባታችሁ በፊት እዘዙ።

ማታ አካባቢ ስብሰባ ላይ ሆናችሁ ከውጭ ሙዚቃ ቢሰማ አትደንግጡ። በብዙ የጃፓን ከተሞች ማዘጋጃ ቤቱ በየቀኑ በድምፅ ማጉያ አጭር ዜማ ይለቃል። ለልጆች "ወደ ቤት ግቡ" ነው፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያው እንደሚሠራ መፈተሻ ነው። ማይክራችሁን ዝጉና አዳምጡት፣ ያምራል።

እንጀራ ሲያምራችሁም ሩቅ አይደለም። ቶክዮ ካሉ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚኖሩት በካትሱሺካ ወረዳ ነው፣ በዚሁ በምሥራቁ በኩል። እዚያ የአገራችን ምግብ ቤት አለ። ቅዳሜን ለዚያ አድርጉት።

ቤት ልታዩ ስትሄዱ ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ አንዴ ቀን፣ አንዴ ማታ። ቀን የምትኖሩበትን ታያላችሁ፣ ማታ ጎረቤቶቻችሁን ትሰማላችሁ። የኪራይ ውሉን መስመር በመስመር የማነብበት ቪዲዮ ቀጣዩ ነው። ውላችሁ ላይ ያልገባችሁ አንቀጽ ካለ ስማችሁንና አድራሻችሁን ሸፍናችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ከእሱ እጀምራለሁ።