ዕረፍቱን መቁጠር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀርጸው ደሴ፣ ከተከራየሁት ቤት ሳሎን ሆኜ ነው፤ አጠገቤ ያለው በርጩማም የዛሬው ወሬያችን ዋና መሣሪያ ነው።

ለዓመታት ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ስሠራ ውዬ በባጃጅ የምመለስ ሰው በመሆኔ፣ አንድ ምሽት ባጃጅ አጥቼ ከፒያሳ ወደ ሰፈሬ የሚያወጣውን አቀበት በእግሬ ስያያዘው ሁለት ጊዜ ግንብ ተደግፌ መቆም ግድ ሆነብኝ። በማግሥቱ 20 ሰከንድ በሙሉ ኃይል ሠርቶ 10 ሰከንድ ማረፍን ስምንት ጊዜ የሚደጋግመውን፣ ታባታ የሚባለውን ስፖርት በቁጭ ብድግ ጀመርኩ። አራት ደቂቃ ማንን ይገድላል ብዬ ነበር። በአራተኛው ዙር ዓይኔ ጭልም አለብኝ፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ደረጃውን የወረድኩት ብረቱን ይዤ በጎኔ ነው። አከራዬ አይተውኝ «አብሽር ልጄ፣ ወድቀህ ነው እንዴ?» ሲሉኝ እውነቱን መናገር አፍሬ «አዎ» አልኳቸው።

በኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት፣ ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት የተሠራው ስፖርት በሚያዘወትሩ ወጣቶች ላይ፣ ያውም በቆመ ብስክሌት እንጂ፣ እንደ እኔ ጉልበቱ በወንበር በደነዘዘ ሰው ላይ አልነበረም። በዚያ ላይ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ነዋሪው ቢለምደውም፣ በሙሉ ኃይል ሲሠራ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል።

ስለዚህ ሥራውን ሳይሆን ዕረፍቱን አስተካከልኩ። አምስት ደቂቃ ሰውነቴን ካሟሟቅሁ በኋላ 20 ሰከንድ እሠራለሁ፣ 60 ሰከንድ አርፋለሁ፤ ስድስት ዙር ነው። ቁጭ ብድጉን የምሠራው መቀመጫዬ በርጩማውን ነካ እስኪያደርግ ብቻ ሲሆን፣ ፑሽ አፑን ግድግዳ ተደግፌ፣ ሩጫውን ደግሞ ባለሁበት ቆሜ ጉልበቴን እያነሣሁ ነው። መዝለል ለጀማሪ ጉልበት አያስፈልግም ባይ ነኝ። ሥራው ላይ ሳለሁ ከሁለት ሦስት ቃል በላይ መናገር አልችልም፤ ዕረፍቱ ሲያልቅ ግን ስሜንና ሰፈሬን በአንድ ትንፋሽ መናገር ካቃተኝ፣ ሰዓቱ ቢጮህም ቀጣዩን ዙር አልጀምርም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እያሳለፍኩ የምሠራውም ጡንቻው እንዲያገግም ነው። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

በአራተኛው ሳምንት ዕረፍቱን ወደ 40 ሰከንድ ዝቅ አደረግሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ከስድስቱ ዙር ንጹሕ ሥራው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ ስለሚመክር፣ በዚህ ብቻ በቅቶኛል ማለት አልችልም። ስለሆነም አሁን ከባጃጅ የምወርደው አቀበቱ ሥር ነው። ግንቡ ጋ ስደርስ ዛሬም አንድ ጊዜ እቆማለሁ፤ እስከ 40 ቆጥሬ እቀጥላለሁ።