ፍላሹና ደብተሩ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማነሳው ጅማ ላይ ትንሽ ሙዚቃ ቤት ይዞ፣ አሳታሚ የሌላቸውን፣ በራሳቸው ገንዘብ ስቱዲዮ የሚገቡትን የአካባቢውን ድምፃውያን ሥራ ስለመሸጥ ነው።

ካሴትና ሲዲ ቀርተዋል፤ ዘፈን የሚሸጠው በፍላሽና በሚሞሪ ነው። ሺህ ዘፈን በአንድ ሂሳብ ከሚጭን ቤት ግን ድምፃዊው ሳንቲም አያገኝም። ስለዚህ የሚሸጠው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ የተጫነበት፣ ሽፋን ያለው፣ ቁጥር የተሰጠው ፍላሽ መሆን አለበት።

ከድምፃዊው ልጅ ኦሪጅናሉን ተቀበሉ፤ ዋቭ የሚባለውን ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል፣ 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ። የ4 ደቂቃ ዘፈን 40 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ተጨምቆ ወደሚያንሰው ኤምፒስሪ፣ በ320 ኪሎቢት ጥራት፣ ስትቀይሩት 10 አካባቢ ይወርዳል። ከዩቲዩብ የወረደ ካመጣ መልሱት። በስልክ ደህና ይመስላል፤ ሚኒባስ ውስጥ ድምፁ ሲጨመር ግን የማሲንቆው ድምፅ ይሻክራል። 128 የነበረውን 320 ብታደርጉት የጠፋው አይመለስም፣ ፋይሉ ብቻ ይወፍራል።

ፍላሹ ላይ ልቆይ፣ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ነውና። 32 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 4 ብቻ የሆነ አለ። ኮምፒውተሩም 32 ብሎ ያነበዋል፤ እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው። አልበሙ ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ይሠራል። ገዢው ሌላ ዘፈን ሲጨምርበት ግን የነበረውም ይበላሻል፣ ወቀሳውም ድምፃዊው ላይ ይወድቃል። በጅምላ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሦስቱን ጢም አድርጋችሁ ሙሉና መልሳችሁ አስነብቡ።

ፍላሹን ፎርማት ስታደርጉ ፋት32 የሚለውን ምረጡ፤ ብዙ የመኪና ማጫወቻ ሌላውን አያነብም። ርካሽ ማጫወቻ ደግሞ ዘፈኑን በስም ሳይሆን በተጫነበት ቅደም ተከተል ነው የሚያጫውተው፤ ስለዚህ 01፣ 02 እያላችሁ አንድ በአንድ ጫኑ። በቁቤ የተጻፈ የኦሮምኛ ርዕስ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ የአማርኛው ግን ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቀራል። ሽፋኑ ላይ ርዕሱን በቁጥሩ አትሙት።

ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። በቅጂ መብት አዋጁ፣ በ410/1996፣ የማባዛት መብት የባለመብቶቹ ነው። ግጥሙና ዜማው የሌላ ሰው ከሆነ የድምፃዊው ፊርማ ብቻውን አይበቃም።

ገንዘቡ ለድምፃዊው የሚከፈለው ፍላሹ ከተሸጠ በኋላ ነው። እንበል ፍላሹ 300 ብር ገብቶ 500 ተሸጠ። የሚካፈለው 200ው ነው፤ 70 ለ30 ከሆነ 140 ለድምፃዊው፣ 60 ለቤቱ። ባዶውን ፍላሽ የገዛው ድምፃዊው ከሆነ 300ውም ለእሱ ይመለሳል። ይህ ቀድሞ ካልተጻፈ ጠብ የሚነሳው እዚሁ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ድምፃዊ የራሱ ደብተር ይኑረው፤ መስመሩም እንዲህ ነው፦ «ቁ. 17፣ ኅዳር 9፣ 500 ብር፣ በቴሌብር፣ ቀሪ 23።» በየ15 ቀኑ እሱ ራሱ ባለበት የቀረውን ቁጠሩና አስፈርሙት። የእሱን ድርሻ ከቤቱ መሳቢያ ጋር አትቀላቅሉ። ኪራይ ሲደርስ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ድርሻ ነው፤ አንዴ የተከዳ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ አልበሙን አያመጣላችሁም።

ጊዜውንም እዩ። ገንዘብ ከገዢው እጅ የሚገባው ቡና ሲለቀም ነው፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ሐምሌ ላይ አልበም ይዞ የመጣን ልጅ «እስከ ጥቅምት ታገሥ» ማለት ለእሱ ማሰብ ነው።

ሐሙስ ገበያ ከአጋሮም ከሊሙም ሰው ይመጣል፤ ሳይሰማ አይገዛም። ስፒከሩን ይዞ ከመጣ በራሱ ስፒከር አሰሙት። ፍላሹ አልጫወት ካለው እዚያው ፎርማት አድርጋችሁ እንደገና ጫኑለት፤ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።