በየትኛው በር? የትራንስጀንደር ሰዎች የሕዝብ መጸዳጃ ቤት አጠቃቀም ክርክር

[ምስል፦ የሰሜን ካሮላይና ግዛት ምክር ቤት ሕንጻ]

ማርች 23 ቀን 2016 የአሜሪካዋ የሰሜን ካሮላይና ግዛት ሕግ አውጪዎች ለልዩ ስብሰባ ተጠሩ፤ የቀረበላቸውን ረቂቅ ሕግ በዚያው ዕለት አጸደቁት፤ አገረ ገዢው ፓት ማክሮሪም ሌሊቱ ሳይነጋ ፈረሙበት። ሕጉ በመንግሥት ሕንጻዎችና በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚገኙ የጋራ መጸዳጃ ቤቶችን የሚጠቀም ማንኛውም ሰው በልደት የምስክር ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ጾታ ተከትሎ እንዲገባ ያስገድድ ነበር። መነሻው የሻርሎት ከተማ ምክር ቤት ከአንድ ወር በፊት ያወጣው ደንብ ነው፤ ከተማዋ ትራንስጀንደር ሰዎች ከማንነታቸው ጋር የሚስማማውን መጸዳጃ ቤት እንዲጠቀሙ ፈቅዳ ስለነበር ግዛቱ ደንቧን ሻረው። በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መዘዙ ከግዛቱ ወሰን አልፎ ሄደ። ኤንቢኤ በ2017 በሻርሎት ሊያካሂደው የነበረውን የኮከቦች የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ወደ ኒው ኦርሊንስ አዛወረ፤ ፔይፓል የተባለው ኩባንያም 400 ያህል ሰዎችን ሊቀጥርበት የነበረውን ዕቅድ ሰረዘ። አሶሼትድ ፕሬስ የዜና አገልግሎት ሕጉ ባይሻር ኖሮ ግዛቱ በ12 ዓመታት ውስጥ ከ3.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያጣ እንደነበር አስልቷል። ማክሮሪ በዚያው ዓመት ኅዳር በጠባብ ልዩነት በምርጫ ተሸነፉ፤ መጸዳጃ ቤትን የሚመለከተው አንቀጽም በ2017 ተሻረ። ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ሕግ ያወጡት ግዛቶች ከ15 በላይ ናቸው።

[በማያ ገጹ ላይ፦ ትራንስጀንደር ማን ነው?]

ትራንስጀንደር የሚባሉት፣ ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ የተለየ የጾታ ማንነት ያላቸውና ብዙ ጊዜም በዚያው ማንነት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ወንድ ተብላ ተመዝግባ ሴት ሆና የምትኖር ትራንስ ሴት፣ ሴት ተብሎ ተመዝግቦ ወንድ ሆኖ የሚኖር ደግሞ ትራንስ ወንድ ይባላል። ክርክሩ ስለ ትራንስ ሴቶች ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ሲቀርብ መስማት የተለመደ ነው፤ ትራንስ ወንዶች መዘንጋታቸው ግን ጉዳዩን ከሥሩ ያዛባዋል፤ ምክንያቱን ቆየት ብለን እንመለከታለን።

በመጀመሪያ የወንድና የሴት መጸዳጃ ቤት ለምን እንደተለየ መረዳት ይገባል፤ ልዩነቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለምና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነበሩት ትልልቅ የምዕራብ ከተሞች የሕዝብ መጸዳጃ ስፍራዎች በአብዛኛው የተሠሩት ለወንዶች ነበር። ሴት ከቤቷ ወጥታ መቆየት የምትችለው ሽንቷን መቋቋም እስከቻለችበት ሰዓት ድረስ ብቻ ነበርና፣ ለገበያም ሆነ ለሥራ ርቃ መሄድ ይከብዳት ነበር። ሴቶች በብዛት ወደ ፋብሪካ ሲገቡ ማሳቹሴትስ በ1887 ለሴት ሠራተኞች የተለየ መጸዳጃ ቤት እንዲዘጋጅ የሚያዝዝ ሕግ አወጣች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት። የሕጎቹ መነሻ ሴትን ደካማ ፍጥረት አድርጎ የሚያይ የዘመኑ አመለካከት ነው የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። እንዲያም ሆኖ የተለየው በር ለሴቶች የአደባባይ ሕይወት አስፈላጊ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬ ያንን በር ለመጠበቅ የሚሟገቱ ሴቶችም ከዚህ ታሪክ ተነሥተው እንደሚናገሩ መዘንጋት ፍትሐዊ አይሆንም።

[ምስል፦ የድምፅ መስጫ ሣጥን]

የእነዚህ ሴቶች ስጋት ሁለት መልክ አለው፤ ሁለቱን መቀላቀል ለክርክሩ መበላሸት ዋነኛ ምክንያት ይመስለኛል። የመጀመሪያው የደኅንነት ስጋት ነው። በ2015 የሂዩስተን ነዋሪዎች በዘር፣ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳትና በሌሎችም ምክንያቶች የሚደረግን መድልዎ የሚከለክል ደንብ ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብላቸው፣ ተቃዋሚዎች ሰፊውን ደንብ ወደ አንድ ጉዳይ አጠበቡት፤ «ወንዶች ወደ ሴቶች መጸዳጃ ቤት አይግቡ» አሉ። 61 በመቶ የሚሆነው መራጭም ደንቡን ውድቅ አደረገው። ስጋቱ አንድ አጥቂ ወንድ ሴት ነኝ በማለት ብቻ መግባት ይችላል የሚል ነው።

ይህን ስጋት በመረጃ መመርመር ይቻላል። ተመራማሪዎች በማሳቹሴትስ ለትራንስጀንደር ሰዎች ጥበቃ የሚሰጥ ደንብ የነበራቸውን ከተሞች ደንቡ ካልነበራቸው ተመሳሳይ ከተሞች ጋር አነጻጽረው በ2018 ባወጡት ጥናት፣ በደንቡ መኖርና በመጸዳጃ ቤቶች ወይም በልብስ መቀየሪያ ክፍሎች በሚፈጸሙ ወንጀሎች መካከል ግንኙነት አላገኙም። በዚያው ዓመት የግዛቱ ሕዝብ የትራንስጀንደር ሰዎችን የአገልግሎት መብት የሚያስጠብቀው ሕግ ይጽና ወይስ ይሻር ተብሎ ሲጠየቅ፣ 68 በመቶ ያህሉ ይጽና ብሏል። ማጥቃት፣ በድብቅ ማየትና ፎቶ ማንሳትም ማንም ይፈጽማቸው ማን፣ በየትኛውም በር ይግባ፣ ቀድሞውኑ ወንጀሎች ናቸው።

ሁለተኛው ስጋት ግን ስለ ወንጀል አይደለም። ጥቃት ደርሶባት የምታውቅ ሴት፣ በእምነቷ ምክንያት ከወንድ ጋር አንድ ክፍል መጋራት የማይፈቀድላት ሴት፣ ወይም የወር አበባዋን ገና የጀመረች ታዳጊ፣ ልብሷን የምታስተካክልበት ስፍራ ከወንዶች የተለየ እንዲሆን ስትፈልግ የምትጠይቀው የግል ክብሯን ነው። ለዚህች ሴት የወንጀል ቁጥር እየጠቀሱ መመለስ ጥያቄዋን አለመስማት ነው። የትራንስጀንደር ሰዎችን መብት የሚደግፉ ብዙ ተሟጋቾች በዚህ ረገድ ትዕግሥት አጥተዋል ብዬ አምናለሁ።

[በማያ ገጹ ላይ፦ 2015፣ 27,715 ተሳታፊዎች]

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንሻገር። በ2015 በአሜሪካ 27,715 ትራንስጀንደር ሰዎች የተሳተፉበት ሰፊ የዳሰሳ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከተሳታፊዎቹ 59 በመቶዎቹ ችግር ይገጥመናል ብለው በመፍራት በአንድ ዓመት ውስጥ ከሕዝብ መጸዳጃ ቤት የራቁበት ጊዜ እንደነበር ተናግረዋል። 32 በመቶዎቹ መጸዳጃ ቤት ላለመሄድ ሲሉ የሚበሉትንና የሚጠጡትን ቀንሰዋል፤ 8 በመቶዎቹ ደግሞ በመቆየታቸው ምክንያት ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ለኩላሊት ችግር ተዳርገዋል። 12 በመቶዎቹ በዚያው ዓመት በመጸዳጃ ቤት ውስጥ ስድብና ዛቻ ደርሶባቸዋል። ተሳታፊዎቹ በፈቃደኝነት የቀረቡ በመሆናቸው አኃዙ ሁሉንም ትራንስጀንደር ሰው ይወክላል ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶችን ከቤታቸው እንዳይርቁ ያሠራቸው ያው ገመድ ዛሬ እነዚህን ሰዎች እንዳሠራቸው በግልጽ ያሳያል።

[ምስል፦ ረጅም ኮሪደርና የተዘጋ በር]

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ጊዜ የሚሰጠው ጥያቄ ሕጉን ማን ያስከብረዋል የሚለው ነው። የልደት የምስክር ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሰው የለም፤ በር ላይ ቆሞ የሰውን አካል የሚመረምር ጠባቂ እንዲኖርም ማንም ጤናማ ኅብረተሰብ አይፈቅድም። በ2023 የወጣው የፍሎሪዳ ሕግ ያገኘው መላ፣ በሕጉ በተዘረዘሩት የመንግሥት ሕንጻዎች «የተሳሳተ» መጸዳጃ ቤት ውስጥ የተገኘ አዋቂ ሰው በሠራተኛ ውጣ ተብሎ አልወጣም ካለ ያለፈቃድ በመግባት ወንጀል እንዲጠየቅ ማድረግ ነው። ሠራተኛው ታዲያ የሚፈርደው በምን ነው? በመልክ፣ በቁመት፣ በድምፅ፣ በፀጉር አቆራረጥ ካልሆነ በሌላ በምንም ሊሆን አይችልም። እንዲህ ያለው ፍርድ ደግሞ የሚያርፈው በትራንስጀንደር ሰዎች ላይ ብቻ አይደለም፤ ቁመቷ የረዘመ፣ ድምፅዋ የጎረነነ ወይም ፀጉሯን ያሳጠረች ማንኛዋም ሴት «አንቺ ማን ነሽ?» ለመባል ትጋለጣለች። ሴቶችን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ሴቶችን በመልካቸው እንዲመረመሩ ካደረገ፣ ከዓላማው ጋር ተጣልቷል ማለት ነው።

ትራንስ ወንዶችን አንዘንጋ ያልነውም ለዚህ ነው። ሆርሞን ወስዶ ጢም ያበቀለ፣ ድምፁ የወፈረ፣ ትከሻው የሰፋ ሰው ሲወለድ ሴት ተብሎ ስለተመዘገበ ብቻ ወደ ሴቶች መጸዳጃ ቤት እንዲገባ ሕጉ ያዛል። በውስጥ ያሉት ሴቶች የሚያዩት ወንድ ነው። ይህ ሰው የገባው ሕጉን አክብሮ ነው፤ እርሱን የለመዱ ሴቶች ደግሞ አንድ አጥቂ ወንድ በዚያው ሰበብ ቢገባ በመልክ ሊለዩት አይችሉም።

[ምስል፦ የፍርድ ቤት አዳራሽ]

ፍርድ ቤቶችም አልተስማሙም። በአሜሪካ ጋቪን ግሪም የተባለ ትራንስ ወንድ ተማሪ በቨርጂኒያ የወንዶቹን መጸዳጃ ቤት እንዳይጠቀም በመከልከሉ በትምህርት ቦርዱ ላይ ባቀረበው ክስ የአራተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2020 ፈረደለት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2021 የቦርዱን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ። በ2022 መጨረሻ ግን የአስራ አንደኛው ወረዳ ፍርድ ቤት ከፍሎሪዳ በመጣ ተመሳሳይ ጉዳይ 7 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ።

በብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አፕሪል 16 ቀን 2025 በሙሉ ድምፅ በሰጠው ውሳኔ በ2010 የእኩልነት ሕግ ውስጥ «ሴት» የሚለው ቃል የሚያመለክተው ሥነ ሕይወታዊ ጾታን እንደሆነ በየነ፤ ትራንስጀንደር ሰዎች በዚያው ሕግ ከመድልዎ እንደተጠበቁ መሆናቸውንም አረጋገጠ። የውሳኔው አንድ ክፍል ግን በጥሞና ሊነበብ ይገባዋል፤ ትራንስ ወንዶች የወንድ መልክ በመያዛቸው ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ከሴቶች ስፍራም ሊከለከሉ እንደሚችሉ ይገልጻል። እንግዲህ አንድ ሰው በሥነ ሕይወቱ ከወንዶች ክፍል፣ በመልኩ ደግሞ ከሴቶች ክፍል ሊከለከል ይችላል ማለት ነው። ወዴት ይሂድ?

የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሄደበት መንገድ ከሁሉም ይበልጥ ልቤን ይስበዋል። በኢኮኖሚ፣ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር የምትሠራ አንዲት ትራንስ ሴት ከቢሮዋ ቢያንስ ሁለት ፎቅ የራቀውን የሴቶች መጸዳጃ ቤት ብቻ እንድትጠቀም ተወስኖባት ነበር። ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2023 ገደቡን የደገፈው የመንግሥት ውሳኔ ሕገ ወጥ ነው ብሎ በሙሉ ድምፅ ሲበይን ስለ ጾታ ትርጉም ሰፊ ትምህርት አልሰጠም፤ በእነዚያ ዓመታት የተፈጠረ አንዳች ችግር ነበርን ብሎ ጠየቀ፤ አልነበረም። የችሎቱ ሰብሳቢ ዳኛም ውሳኔው ማንነታቸው የማይታወቅ ብዙ ሰዎች የሚጋሯቸውን የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች እንደማይመለከት በተጨማሪ አስተያየታቸው አስፍረዋል።

[ምስል፦ ከወለል እስከ ጣሪያ የተዘጉ የመጸዳጃ ክፍሎች]

ሦስተኛ በር መክፈትስ? የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 መንግሥት ለትራንስጀንደር ሰዎች የተለዩ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች እንዲያዘጋጅ አዝዞ ነበር። ይሁንና ለእነርሱ ብቻ በተባለ በር መግባት በሕዝብ ፊት ማንነትን ማወጅ ስለሚሆን ለጥቃት ሊያጋልጥ ይችላል። ለማንም ክፍት የሆነ፣ የራሱ መቆለፊያና መታጠቢያ ያለው የአንድ ሰው ክፍል ይህ ጉድለት የለበትም፤ ጥቃት የደረሰባትን ሴት፣ ሴት ልጁን ይዞ የመጣን አባት፣ አካል ጉዳተኛ እናቱን የሚደግፍን ልጅም ያገለግላል። ካሊፎርኒያ ከማርች 2017 ጀምሮ በንግድና በመንግሥት ቤቶች የሚገኙ የአንድ ሰው መጸዳጃ ክፍሎች በሙሉ ለሁሉም ጾታ ክፍት እንዲሆኑ አድርጋለች። እንግሊዝ ደግሞ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ለሚሠሩ አዳዲስ የሕዝብ ሕንጻዎች የወንድና የሴት መጸዳጃ ቤቶች እንዲለዩ ደንግጋ፣ ቦታ ካለ ሙሉ በሙሉ የተዘጉ የአንድ ሰው ክፍሎች እንዲጨመሩ ፈቅዳለች። እኔ ወደዚህ ሁለተኛው አሠራር አደላለሁ።

ይህም ቢሆን ቦታና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ደንቡም የሚመለከተው አዲስ የሚሠራውን ወይም የሚታደሰውን ነው። በአሜሪካ በብዛት የሚታየው የመጸዳጃ ክፍል ከታች እግር የሚያሳይ፣ በበሩ ጠርዝ ዓይን የሚያሳልፍ ክፍተት ያለው ስለሆነ፣ እርሱን ሳይቀይሩ ምልክቱን ብቻ ለውጦ «ለሁሉም» ማለት የማንንም ክብር አይጠብቅም።

ኅዳር 2024 የመጀመሪያዋ በይፋ ትራንስጀንደር የሆነች የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ሳራ ማክብራይድ ከተመረጠች በኋላ፣ አፈ ጉባኤው ማይክ ጆንሰን በምክር ቤቱ ሕንጻዎች የሴቶች መጸዳጃ ቤት ለሥነ ሕይወታዊ ሴቶች ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። በመግለጫቸውም እያንዳንዱ አባል በቢሮው የግል መጸዳጃ ቤት እንዳለው፣ ለሁሉም ጾታ ክፍት የሆኑ ክፍሎችም በሕንጻው እንዳሉ አስታወሱ። እርሷም ባትስማማበትም ደንቡን እንደምታከብር ገለጸች። በአውቶቡስ መናኸሪያ የምትጠብቅ መንገደኛ፣ በመጋዘን የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሠራተኛና በአሮጌ ሕንጻ የሚማር ተማሪ ግን ያ የግል ክፍል የላቸውም፤ ሕጉ እነርሱን ሲደርስ የተዘጋው በር አማራጭ የሌለው ይሆናል።