«በለጥኳት»

ዛሬ ስለ መመረቂያ ጽሑፉ አላወራም። ቃል ገብቼላችሁ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን ያ ልጅ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

ያቺን እዝዝ የምትል መለኪያዬን ታውቋታላችሁ፤ ስንት ቀረጻ አቋርጣብናለች። ለጥናቴ ተማሪዎቹ ቦርሳ ላይ የምናስራት እሷን ነው። 24 ሰዓት አብራቸው ትውላለች፣ ታድራለች። የምትለካው አየሩ ውስጥ ያለውን፣ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውን ብናኝ ነው፤ ሳንባ ጥግ ድረስ የሚዘልቀውን።

እና ቦርሳውን ልቀበለው ጎንበስ አልኩ። ስክሪኗ ላይ የምንለጥፈው ፕላስተር ተልጦ ወድቋል። ልጁ የቀኑን አማካይ አይቶታል። 62። ዴስክ የምትጋራው ልጅ ደግሞ 13።

«በለጥኳት!» አለኝ። እየዘለለ። «62 አመጣሁ!»

«ጎበዝ» አልኩት።

ጎበዝ! ከአፌ የወጣው ይኼ ነው። ሳቀ፣ ሮጦ ሄደ። እኔ መለኪያዋን ይዤ እዚያው ቀረሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት፣ እንደ አውሮፓውያኑ በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ የ24 ሰዓት አማካዩ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ አይብለጥ ነው የሚለው። የልጁ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ቤቱ ከባድ መኪና ሲመላለስ የሚያድርበት መንገድ ዳር ነው። የእሷ ገባ ብሎ፣ ዛፍ ያለበት ሰፈር። አንድ ክፍል፣ አንድ መምህር፣ አንድ ዴስክ። አየሩ ግን አንድ አይደለም። ልጅ ደግሞ ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል። ሳንባው ገና እያደገ ነው። ቁመቱ እንኳ ከመኪናው ጭስ ማውጫ ብዙም አይርቅም...

ምን ልለው ነበር? «አይ፣ ይኼ መጥፎ ነው» ልበለው? ማታ እዚያው ክፍል ሊተኛ?

አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ኸርበርት ኒድልማን ትዝ አለኝ። እንደ አውሮፓውያኑ በ1979 የታተመው ጥናቱ፣ የወተት ጥርሶቹ። ልጆች ያወለቁትን ጥርስ ሰብስቦ ውስጡ ያለውን እርሳስ ለካ። የምንጽፍበትን ማለቴ አይደለም፣ ብረቱን። ጥርሳቸው ውስጥ ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች የአእምሮ ፈተና ውጤታቸው ዝቅ ያለ ሆነ። አስተማሪዎቻቸውም ቶሎ ሐሳባቸው ይበተናል ብለው ነበር። ያንን ሳነብ ሁሌ አንድ ነገር አስባለሁ። ከእነዚያ ልጆች ስንቱ «ሰነፍ» ተብሎ ይሆን? በጥርሱ ውስጥ ባለ ነገር? የእኔው ደግሞ በሳንባው በገባው «ጎበዝ» ተባለ። እኔው ነኝ ያልኩት።

ቆይ... ተናደድኩ መሰለኝ። በማን እንደሆነ ግን እንጃ። በመንገዱ? በፕላስተሩ?

ለነገሩ ጥናቱ ጥሩ እየሄደ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ ወጥቷል። አማካሪዬ ዳታው ቆንጆ ነው አሉኝ፤ ልክ ናቸው፣ እንደ ዳታ ቆንጆ ነው። እኔም መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ይኼንንም ልንገራችሁ ብዬ ነው። 62ን ሳይ፣ ልጁ አፉን ሳይከፍት በፊት፣ ለአንድ ሰከንድ ደስ ብሎኛል።

አሁን ውጤቱን ለወላጆች በደብዳቤ ማሳወቅ አለብኝ። ሲፈርሙ ቃል ገብተንላቸዋል። ቁጥሩን ጻፍኩ። ከሥሩ «መስኮት ዝጉ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት። ያ ቤት ያለው አንድ መስኮት ነው። ሙቀቱስ? የምድጃው ጭስስ በየት ይውጣ? «ቤት ቀይሩ» አይባል ነገር...

ደግሞ ደብዳቤውን የሚያነብላቸው እሱ ራሱ ቢሆንስ? ማንበብ ይችላል እኮ። 62 የምትለው ላይ ሲደርስ...