ሴሌክት የምትባለው ቁልፍ

እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ «ስለ ልጅነትሽ ጌም ትንሽ ተናገሪ» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው የተቀበልኩት። ወረቀትም አዘጋጅቻለሁ፣ ይኸው። ስለ ድሮ ጌሞች አሠራር፣ ስለ ሙዚቃቸው፣ የጌም ካሴት ስለመንፋት ነጥብ ነጥብ አድርጌ ጽፌያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ ግን፣ የመጣሁት አንድ ነገር ለመናገር ነው። የምናገርበት ሰው ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ወንድም ጋሼ፣ አታጎንብስ። አይቼሃለሁ።

ኮንትራ የሚባለውን የተኩስ ጌም የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም ብዬ ልነሳ። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1987 በሳንቲም ለሚሠሩት ማሽኖች አወጣው። በ1988 ቤት ገባ። እኛ ጋ የነበረው ማሽን ኦርጅናል አልነበረም፣ ፋሚኮም የሚባለው የኒንቴንዶ የቤት ጌም ማሽን ቅጂ ነው። የብዙዎቻችሁም ያው እንደሆነ ሳቃችሁ ይመሰክራል። ካሴቱ ላይ 9999999 ጌም አለው ተብሎ ተጽፎበታል። ዝርዝሩን ወደ ታች ስትወርዱ ግን ያው ጥቂት ጌም ስሙን እየቀያየረ ይመላለሳል። ውሸትን መጀመሪያ ያስተማረን ያ ካሴት ነው። ሁለተኛውን አስተማሪ አሁን እመጣበታለሁ።

ሁለት ወታደሮች አሉ። ሰማያዊ ሱሪ የለበሰው ቢል፣ ቀይ የለበሰው ላንስ። ቢል ሁልጊዜ የወንድም ጋሼ ነው፣ ታላቅ ነዋ! ቀዩ የኔ። ለእያንዳንዳችን ሦስት ነፍስ። ከሩቅ የመጣች አንዲት ነጭ ነጥብ ከነካችህ ሞትክ። ስትሞት ደግሞ መሣሪያህም አብሮህ ይሞታል። «ኤስ» የተጻፈባትን፣ አምስት ጥይት አንዴ የምትበትነዋን መሣሪያ ይዞ፣ ልቡ ሞልቶ፣ በገዛ ዝላዩ ገደል የገባ ሰው እጁን ያውጣ። አዎ። ሁላችንም።

ጫካውን አለፍን። የመጀመሪያውን ምሽግ አለፍን። ሦስተኛው ፏፏቴው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ፍቀዱልኝ።

ፏፏቴው ላይ የሚኬደው ወደ ላይ ነው። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ትዘላለህ፣ ስክሪኑም አብሮህ ይወጣል። ችግሩ ስክሪኑ የሚከተለው ፊት ያለውን ሰው ብቻ ነው። ወደኋላ የቀረው ሰው የቆመበት ድንጋይ ከታች ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጠላት አልነካውም፣ ጥይት አላገኘውም፣ ጓደኛው ስለቸኮለ ብቻ ሞተ። እኔ እዚያ ፏፏቴ ላይ በጠላት እጅ የሞትኩት ጥቂት ጊዜ ነው። ቀሪውን የገደለኝ ወንድሜ ነው። «ጠብቀኝ!» እላለሁ፣ «ነይ እንጂ!» ይላል፣ ይዘላል። ሦስቱም ነፍሴ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ከዚያ እጄን አጣጥፌ የሱን ጀግንነት አያለሁ። ሴቭ የሚባል ነገር የለም። ማሽኑ ከጠፋ ነገ እንደገና ከጫካው ነው።

አንድ ቀን ወንድም ጋሼ ከጓደኛው አንድ ምስጢር ይዞ መጣ፣ ጌሙ ሳይጀመር የሚመታ የቁልፎች ኮድ። ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ፣ ስታርት። አያችሁ፣ ከአፋችሁ አስቀድማችሁ ጨረሳችሁልኝ! ሠላሳ ነፍስ። ሠላሳ! «ለኔስ?» አልኩት። ፊቱን እንደ ዳኛ አኮሳትሮ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ይሄ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለት ሲሆን ማሽኑ ይቃጠላል።»

አመንኩት። ማሽኑ እንዳይቃጠል ብዬ ክረምቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። እሱ በረዶውን ሲያልፍ፣ እሳት የሚተፋውን ቤት ሲያልፍ፣ መጨረሻ ላይ ያንን የሚመታ ልብ ሲያፈነዳ አጨበጨብኩለት። ጆይስቲኬን ግን ከእጄ አላወረድኩም። ምናልባት ይጠራኛል ብዬ ነው።

ካደግኩ በኋላ፣ ሥራ ይዤ፣ አንድ ባልደረባዬ ጋ ስጫወት ነው ነገሩን የሰማሁት። ስታርትን ከመጫንህ በፊት ሴሌክትን አንዴ መጫን ብቻ ነው። አንዴ! ሁለት ተጫዋች ይሆናል፣ ለሁለቱም ሠላሳ ሠላሳ ነፍስ ይሰጣል። የሚቃጠል ነገር የለም። የኔ ሁለተኛ ጆይስቲክ ላይ ደግሞ፣ ልክ እንደ ኦርጅናሉ ፋሚኮም፣ ሴሌክትም ስታርትም የሚባል ቁልፍ አልነበረም። ብጠረጥር እንኳ የምጫነው ነገር የለኝም። ወንድም ጋሼ፣ የሚቃጠለው የኔ ሆድ ነበር!

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ከመድረክ በፊት ከቡና ጋር ስትጨዋወቱ ሰማኋችሁ። «የኛ ጊዜ ጌም ጌም ነበር፣ የዛሬ ልጆች በየደቂቃው ሴቭ እያደረጉ ምን ይችላሉ?» ትላላችሁ። ቆይ እስቲ። ሠላሳ ነፍስ ይዞ የጨረሰ ሰው ነው ይሄን የሚለው? ማን ነው እዚህ በሦስት ነፍስ የጨረሰ? እጅ! … ሁለት። ከሁለቱ አንዱን አውቀዋለሁ፣ ይዋሻል።

ያ ኮድ ከየት መጣ? ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባል የኮናሚ ሰው ነው የፈጠረው። ግራዲየስ የተባለውን ጌም ለፋሚኮም ሲያዘጋጁ፣ እ.ኤ.አ. 1986 ላይ፣ መሞከር ነበረበት። ሞከረው፣ ከበደው፣ አልቻለውም። ስለዚህ ለራሱ አቋራጭ ከተተበት። ኮዱም እዚያው ቀረ። ሰውየው በ2020 ሲያርፍ ዓለም ሁሉ ያንን ላይ ላይ ታች ታች እየጻፈ ተሰናበተው። ጌሙን የሠራው ሰው እንኳ ጌሙ ከብዶት መላ ፈለገ! እናንተ የማን ጀግኖች ናችሁ?

ደግሞስ ለምን ነበር እንዲያ የከበደው? እኛን ወንድ ሊያደርገን መሰላችሁ? ኮንትራ ሙሉው 128 ኪሎባይት ነው። ስልካችሁ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ይበልጠዋል። ካልሞታችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስምንቱም ደረጃ ያልቃል። ክረምቱን ሙሉ ያስቆየን መሞታችን ነው። የመጣውም ከሳንቲም ማሽን ነው፣ እዚያ ደግሞ ቶሎ የሞተ ሰው ሌላ ሳንቲም ይጨምራል። ንግድ ነበር እንጂ ሥነ ምግባር አልነበረም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ሴቭ ስታደርግ «ደካማ» አትበሉብኝ። ማንም ሴሌክትን አልደበቀባትም፣ በቃ።

ሌሎቹ ነጥቦቼ … ጊዜው ሄዷል። ጌሙ አልነሳ ሲል ካሴቱን መንፋት፦ አይረዳም ነበር። የሚረዳው አውጥቶ መልሶ መሰካቱ ነው። የትንፋሻችን እርጥበት ብረቱን ያበላሸዋል። ስንት ካሴት በፍቅር እንደገደልን አስቡት። ሙዚቃው፦ ጥሩ ነበር። አሁንም ሳህን ሳጥብ የጫካውን አንጎራጉራለሁ።

ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ ማሽኑ ተሰክቷል፣ ስገባ አይቼዋለሁ። ወንድም ጋሼ፣ ና ተነስ። ዛሬ አንደኛውን ጆይስቲክ እኔ እይዛለሁ። ኮዱን እመታለሁ፣ ሴሌክትንም አንዴ እጫናለሁ፣ ሠላሳህን ትወስዳለህ።

ፏፏቴው ላይ ግን አልጠብቅህም።