አንዲት ጉርሻ ምን ታመጣለች?

እንደምን አደራችሁ፣ የሰፈሬ ሰዎች። እንኳን ለመስቀል አደረሳችሁ።

ዛሬ መስከረም 18፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። የተሰበሰብነው ለክትባት ነው፤ እሱን በአጭሩ ልበልና ልለፍ። ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ሌላ መድኃኒት ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ። ትናንት መስቀል ነበር። ውሾቻችሁ ምን ሲበሉ እንደዋሉ እናንተም እኔም እናውቃለን። ነገ ደግሞ «ዶክተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ነው የሚያድረው፤ መርፌ ውጋልኝ» ትሉኛላችሁ። መርፌው ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሳል። ኃይሉ ሲያልቅ ማከኩ ይመለሳል፤ እናንተም ትመለሳላችሁ።

የሚያሳክክ ሁሉ ከምግብ ነው አልልም። መጀመሪያ ቁንጫ፣ መዥገርና እከክ ይታያል። (የተቃጠለ የሞተር ዘይት የምትቀቡ ሰዎች፣ በፈጠራችሁ ተዉ! ውሻው እየላሰ ይመረዛል።) እነዚህ ከጠሩ በኋላ፣ በጋ ከክረምት ሳይል የሚያክ ከሆነ፣ ጆሮው ደጋግሞ ከታመመ፣ መዳፉን እየላሰ ካቀላው፣ ያኔ ምግብ ይጠረጠራል። ዋና ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ደግሞ በፍቅር የምንሰጠው ናቸው፤ የበሬ ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮ፣ ስንዴ።

የደም ምርመራ ለዚህ አስተማማኝ አይደለም። መንገዱ አንድ ነው። ውሻው በልቶት የማያውቀውን ሥጋ ትመርጣላችሁ፤ ፍየል ወይም ዓሣ፣ ከተቀቀለ ድንች ጋር። ቅቤ የለ፣ በርበሬ የለ። ሽንኩርት ጭራሽ፤ ለውሻ መርዝ ነው። ለ8 ሳምንት ሌላ ነገር በአፉ አይዞርም።

ቡቺን የማያውቅ የለም፤ ወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው ግቢ ነው የሚኖረው። ጆሮው ይሸት ነበር፣ ሆዱ ላይ ፀጉር አልቀረም። ቁንጫውን አጠፋን፣ ጆሮውን አከምን፣ ፍየልና ድንች ጀመርን። ሳምንታት አለፉ፣ ለውጥ የለም። እመቤቲቱ ይምላሉ፤ «ከፍየሉ ሌላ አልቀመሰም!» እውነታቸውን ነው፣ እሳቸው አልሰጡትም። ዘበኛው ግን እራቱን ያካፍለዋል። ልጅየው ብስኩት ይጥልለታል። ጋሼ ማታ ማታ ወተታቸውን ካልተጋራ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሠራተኛዋ ናት፤ እሷም ድስት እንደምታስልሰው ጨምራ! የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ «አንዲት ጉርሻ ምን ታመጣለች?»

ከዜሮ ጀመርን። በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ጋሼ አኮረፉ። ቡቺ ግን ፀጉር አበቀለ። ከዚያ የሚቀረው ማረጋገጫው ነው፤ የድሮውን ምግብ አንድ በአንድ መልሶ መሞከር። የበሬ ሥጋ ሰጠነው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጆሮውን ማከክ ጀመረ። ደውለው «በሬው ነው ለካ!» ያሉኝ ጋሼ ራሳቸው ናቸው።

ይቅር በሉኝና አንድ ነገር ልናገር። ብዙዎቻችሁ ሁዳዴን 55 ቀን ትጾማላችሁ። ቅቤ የነካ ማንኪያ ሽሮው ውስጥ አይገባም። 8 ሳምንት 56 ቀን ነው። በአንድ ቀን ብቻ ነው የሚበልጠው! ለራሳችሁ ሲሆን ማንኪያ ትለያላችሁ፤ ለውሻው ሲሆን ግን ጉርሻዋ አትቆጠርም?

ስለ እጥበት፤ ለብ ያለ ውሃ፣ የውሻ ሻምፑ፣ የእናንተን አይደለም። የመድኃኒት ሻምፑ ከሆነ አረፋው 10 ደቂቃ ይቆይበት። ፍየልና ድንቹ ደግሞ ለሙከራው እንጂ ለዕድሜ ልክ አይበቃም፤ ካልሲየም ይጎድለዋል። ቡችላ ያላችሁ ሳትጠይቁኝ አትጀምሩ።

የ8 ሳምንቱን ሙከራ መጀመር የምትፈልጉ ከክትባቱ በኋላ ጠብቁኝ። ብቻችሁን ግን አትምጡ፤ ዘበኛውንም፣ ልጆቹንም፣ ጋሼንም ይዛችሁ ኑ።