ከኋላ ወንበር የተማርነው

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ጠጥቶ ስለመንዳት እንዳወራ ነው የተጋበዝኩት። ከኋላ ወንበር ልጀምር።

ልጅ ሆኜ አባቴ ጠጥቶ ይነዳ ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንቀመጣለን። መኪናው ወደ ጠርዝ ሲያዘነብል ትንፋሻችንን እንይዛለን፣ ሲመለስ እንተነፍሳለን። ቤት ስንደርስ አባቴ "አያችሁ፣ ምንም አልሆንንም" ይላል። ያቺን ቃል ተማርኳት። በ22 ዓመቴ ሞቅ ብሎኝ መሪ ስጨብጥ፣ ጓደኛዬ "ተው፣ ቁልፉን ስጠኝ" ብሎ ሲለምነኝ፣ ከአፌ የወጣችው እሷው ነበረች። "ምንም አንሆንም።" እውነትም ምንም አልሆንንም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ በሰላም በገባሁ ቁጥር ልክ እንደሆንኩ እያመንኩ መጣሁ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ቪንሰንት ፈሊቲና ሮበርት አንዳ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አወጡ። ከ9,000 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው ነበር፦ ተደብድባችሁ ነበር? እናታችሁ ስትመታ አይታችኋል? ቤት ውስጥ የመጠጥ ሱሰኛ ነበር? ከእነዚህ መከራዎች አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት ያዩት፣ ምንም ካላዩት ጋር ሲነጻጸሩ የመጠጥ ሱሰኛ የመሆን ዕድላቸው ከ7 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሳነብ ረጅም ሰዓት ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ዕድል ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፣ መከራ አይተው ጠብታ የማይቀምሱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ግን በፍርሃት ያደገ ልጅ ሰውነቱ ሁሌ እንደተጠነቀቀ ነው፣ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፣ ድምፅ ከፍ ሲል ይደነግጣል። እኔ መጀመሪያ የጠጣሁ ቀን የተሰማኝ ጸጥታ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጤ ዝም አለ። ይህን ጸጥታ የቀመሰን ወጣት "መጠጥ ጎጂ ነው" በሚል ፖስተር ብቻ አንመልሰውም።

ይህን ስል ጥፋቴን እያቀለልኩ አይደለም። መንገድ የሚሻገረው ሰው የእኔን ልጅነት አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። መጠጥ ያቺን ሰከንድ ይበላታል። ከዚያ በፊት ግን "አልችልም፣ ልተው" የሚለውን ማመዛዘን ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ የጠጣን ሰው "መንዳት ትችላለህ?" ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። ካናቢስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ቡና ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ያነቃ ይሆናል እንጂ ደም ውስጥ ያለውን አልኮል አይቀንስም። የሚቀንሰው ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ሰዓታት ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በዓለም ላይ ከሁሉ በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። ወጣቶቻችን የሚያልቁት መንገድ ላይ ነው!

እናቶች፣ አባቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጠጥታችሁ ልጅ አታሳፍሩ። "ቅርብ ነው" አትበሉ። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ መንዳት እየተማረ ነው።

እናንተ እኩዮቼ ደግሞ፣ ሳትጠጡ በፊት ቁልፉን ለማይጠጣ ሰው ስጡ። ከጠጣችሁ በኋላ የምትወስኑት ውሳኔ የእናንተ አይደለም። ውስጣችሁ ዝም እንዲል ብላችሁ የምትጠጡ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ሰው ንገሩ። እኔ ለአማካሪ ሐኪም ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ መጀመሪያ ቀን ያወራሁት ስለዚያ የኋላ ወንበር ነበር።

ከወንድሜ ጋር አሁን አንድ ስምምነት አለን። ከጠጣ ይደውልልኛል፣ ሌሊቱ ስንትም ሰዓት ይሁን እሄዳለሁ፣ እስኪነጋ ድረስ ምንም አልጠይቀውም። ቁጣም የለም፣ ምክርም የለም። እስካሁን ሦስት ጊዜ ደውሎልኛል። ሦስቱንም ሄጃለሁ።